94 ኢንጀክሽን

መሳቢያዬ ውስጥ ከአሮጌ ፌሩሎችና (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶች) ከተጣመሙ ቱቦዎች ጋር አንዲት ኮለም ተኝታለች፤ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ (HPLC) ማሽን ውስጥ ተቀላቅለው የመጡ ነገሮችን አንድ በአንድ የምትለይ የብረት ቱቦ ናት። ርዝመቷ 250 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ዲያሜትሯ 4.6 ሚሊ ሜትር፣ የታጨቀባት ሲ18 የሚባለው የሲሊካ ዱቄት ቅንጣት ደግሞ 5 ማይክሮን ነው። ወገቧ ላይ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር ላይ ቀንና «94» የሚል ቁጥር አለ። እጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ ላብራቶሪ ከገባሁ ገና ሦስት ወር ሳይሞላኝ፣ ያቺን ኮለም በ94ኛው ኢንጀክሽን፣ ማለትም ሳምፕል ለ94ኛ ጊዜ ተወግቶባት፣ ገደልኳት። የእሷ ዓይነቶቹ ንጹሕ ሳምፕል እየተሰጣቸው ከሺህ ኢንጀክሽን በላይ ሲያገለግሉ በኋላ አይቻለሁ።

አዲስ ሰልጣኝ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማሳየው ማሽኑን ሳይሆን እሷን ነው። «ምን ሆና ነው?» ይሉኛል። «ቸኩዬባት» እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመድኃኒት ጥራት ምርመራ ላይ ነበርኩ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። በኮለሟ የሚያልፈው ፈሳሽ፣ ሞባይል ፌዝ የምንለው፣ በሁለት መስመር ይመጣል፤ የዚያን ቀን በአንዱ መስመር 50 ሚሊ ሞላር የፖታሲየም ፎስፌት በፈር (አሲድነቱን አርግቶ የሚይዝ ጨው ያለበት ውሃ)፣ ፒኤቹ 3.0፣ በሌላው መስመር አሴቶናይትራይል የሚባል ኦርጋኒክ ፈሳሽ ነበረን፤ 75 ለ25። ግፊቱ ቀኑን ሙሉ 130 ባር አካባቢ ረግቶ ዋለ። የመጨረሻው ኢንጀክሽን ሲያልቅ መሽቷል፣ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ኮለም አሴቶናይትራይል ውስጥ እንደምትቀመጥ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ምን እንደሚደረግ ግን አልሰማሁም፤ ወይም ሰምቼ አልያዝኩም። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቤ የበፈሩን መስመር ዜሮ፣ የአሴቶናይትራይሉን 100 አደረግሁት።

ግፊቱ መጀመሪያ ወረደ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ሽቅብ ጀመረ፤ 160፣ 220፣ 290። 350 ላይ የተቀመጠለትን ገደብ ሲነካ ፓምፑ ራሱን አጠፋና ማሽኑ ይጮህ ጀመር። ቦርሳዬ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነው። ጩኸቱን አጠፋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያው አደረች።

ጠዋት ያሰለጠኑኝ ባለሙያ መዝገቡን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ማታ በምን አጠብሻት?»

«በአሴቶናይትራይል።»

«ከበፈር ቀጥታ?»

«አዎ ጋሼ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቢከር አወጡና ዘጠኝ ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል ቀዱበት፤ በላዩ ከጠርሙሱ አንድ ሚሊ ሊትር በፈር አንጠባጠቡበት። እንደ መስተዋት ጥርት ያለው ፈሳሽ ዓይኔ እያየ ደፈረሰ። ቢከሩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው «አሁን ውስጧ ያለው ይሄ ነው» አሉኝ።

ፎስፌት ወዳጅነቱ ከውሃ ጋር እንጂ ከአሴቶናይትራይል ጋር አይደለም። አሴቶናይትራይሉ እስከ ግማሽ ድረስ ቢሆን በተለመደው የበፈር መጠን ችግር የለም፤ ወደ 80 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ግን ጨዉ የሚሟሟበት ውሃ ያጥረውና ደቃቅ ሆኖ ይወርዳል። ወሰኑ እንደ ጨዉ ዓይነትና መጠን ይለያያል፤ 50 ሚሊ ሞላር ከ10 ሚሊ ሞላር ቀድሞ ይደፈርሳል፤ አሞኒየም ፎርሜትና አሞኒየም አሲቴት ደግሞ ከፎስፌት የበለጠ ይታገሳሉ። ስለዚህ አዲስ ሜቶድ (የምርመራ አሠራር) በተነሳ ቁጥር ያንን የቢከር ሙከራ አደርጋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚደፈርስ ነገር ካለ ቢከር ውስጥ ይደፍርስ።

ደግሞ ደቃቁ የሚወርደው ኮለም ውስጥ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች መጀመሪያ የሚገናኙት ፓምፑ ጋ ነው፤ እዚያ ያሉ ቫልቮች ላይም ይቀመጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍሰቱ ሲንቀጠቀጥ ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቼክ ቫልቭ ተፈቶ ነጭ ዱቄት ተገኘበት። የዚያች ማታ ዕዳ ነው።

ኮለሟን ለማዳን ተሞክሯል። ጋሼ ከዲቴክተሩ (ከኮለም የሚወጣውን ከሚያነበው ክፍል) ነቅለው መውጫዋን ወደ ቢከር አዞሩትና 95 በመቶ ውሃ፣ 5 በመቶ አሴቶናይትራይል በደቂቃ 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ እያስገቡ፣ የኮለም ማሞቂያውን ኦቨን 40 ዲግሪ አድርገው አሳደሯት። በማግስቱ ግፊቱ 145 ሆኖ አገኘነው። እኔ ልዘል ደረስኩ። «ቆይ» አሉኝና ስታንዳርድ (ይዘቱ የታወቀ ናሙና) ወጉ። እያንዳንዱ ፒክ፣ ስክሪኑ ላይ አንዱን ነገር የሚያሳየው ጉብታ፣ ሁለት ራስ አውጥቶ ወጣ። ጨዉ ታጥቦ ሄዷል፤ ያ ሁሉ ግፊት ያንኮታኮተው የሲሊካ ንጣፍ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። መግቢያዋ ላይ ክፍተት ተፈጥሯል፣ ሳምፕሉ እኩል አይገባም። ፕላስተሩን ያስለጠፉኝ ያኔ ነው።

ውስጧ ምን እንዳለ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ከውጭ ስትታይ የብረት ዱላ ናት። ውስጧ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ስፖንጅ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ሲሊካ ነው፤ በተለመዱት ዓይነቶች የአንድ ግራም ሲሊካ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ 300 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ አስራ ስምንት ካርቦን የረዘሙ ሰንሰለቶች እንደ ፀጉር በቅለዋል። ሥራው የሚሠራው እዚያ ፀጉር ላይ ነው። ቅንጣቶቹን በሁለቱም ጫፍ የያዛቸው ፍሪት የሚባል ባለ ቀዳዳ ብረት ሲሆን፣ ለ5 ማይክሮን ኮለም ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ 2 ማይክሮን ነው። ከዚያ የሚተልቅ ቆሻሻ ሁሉ ደጃፉ ላይ ይከማቻል ማለት ነው።

አሁን ስለ ማጠቢያው ሰዓት ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «አስር ደቂቃ እጠብ» የሚባል ምክር አለ። አስር ደቂቃ የትኛዋን ኮለም? ባዶ ቱቦ ሆና ቢሆን የእኔዋ 250 በ4.6 ወደ 4.2 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ሲሊካው ሲሶውን ያህል ይወስዳል፣ ለፈሳሽ የሚቀረው ወደ 2.7 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ አንድ የኮለም መጠን ነው። አስር እጥፍ ለማጠብ 27 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ አንድ ሚሊ ሊትር ከሆነ 27 ደቂቃ ያስፈልጋል። በአስር ደቂቃ አራት እጥፍ እንኳ አልሞላም። 50 በ2.1 የሆነችዋ ትንሿ ግን አስር እጥፏ ከአንድ ሚሊ ሊትር እምብዛም አይበልጥም፤ በደቂቃ 0.3 ብትፈስ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ታልቃለች። ለእሷ አስር ደቂቃ ትርፍ ነው፣ ለረጅሟ ሲያንስ። ስለዚህ እኔ በደቂቃ አልቆጥርም፣ በኮለም መጠን ነው የምቆጥረው፤ የእያንዳንዷም ሣጥን ላይ ቁጥሩ ተጽፏል።

የማታው አስተጣጠቤ ይህ ነው። መጀመሪያ የኦርጋኒኩን መጠን ሳልነካ በፈሩን በውሃ ብቻ እተካለሁ፤ 75 ለ25 ከነበረ፣ 75 ውሃ ለ25 አሴቶናይትራይል። አስር የኮለም መጠን። በፈሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ወደ 50፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ማስቀመጫዋ ከፍ አደርገዋለሁ። ለረጅሟ ኮለም ጠቅላላው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ቆሜ አልጠብቅም፤ የሥራው ዝርዝር ሲጻፍ ማጠቢያውን የመጨረሻ መስመር አድርጌ አስገባዋለሁ፣ ማሽኑ ራሱ አጥቦ ራሱ ይጠፋል። ይህን ያወቅሁት በስንት ዓመቴ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጠዋት ተመልሼ በዚያው ሜቶድ የምሠራ ከሆነ ደግሞ ፍሰቱን 0.1 ወይም 0.2 ላይ አድርጌ አሳድራለሁ፤ በፈር እየፈሰሰ ያድራል እንጂ ቆሞ አያድርም። ይህ ጠርሙሱ ውስጥ ለሌሊቱ የሚበቃ ፈሳሽ መኖሩን ካዩ በኋላ የሚደረግ ነው። ጠርሙስ ደርቆ ፓምፕ አየር ሲጠጣ ያደረበትንም ጠዋት አይቻለሁ።

በውሃ ብቻ እጠቡ እንዳላልኩ አስተውሉ። ያንንም አድርጌዋለሁ። ከመጀመሪያዋ ኮለም በኋላ ጨው እንዲህ አስፈርቶኝ ስለነበር አዲሲቷን በንጹሕ ውሃ አንድ ሰዓት አጥቤ፣ ፓምፑን አጥፍቼ፣ ኮርቼ ሄድኩ። ጠዋት ስታንዳርድ ስወጋ 8 ደቂቃ ላይ ይወጣ የነበረው ፒክ 3 ደቂቃ ላይ ወጣ። እንባዬ መጣ። ሁለተኛዋንም ገደልኩ ብዬ።

አልሞተችም ነበር። የሲ18 ፀጉር ቅባት ነገር ነው፣ ውሃ አይወድም። ውሃውን ቀዳዳው ውስጥ ይዞት የነበረው የፓምፑ ግፊት ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ከቀዳዳዎቹ እየወጣ ይሄዳል፣ ቀዳዳዎቹ ይደርቃሉ። በማግስቱ ሞባይል ፌዙ ቢመጣም ኦርጋኒኩ ትንሽ ከሆነ ተመልሶ አይገባም፣ አብዛኛው ገጽ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ሜታኖል ወይም አሴቶናይትራይል ያለበት ፈሳሽ ሰደድንባት፣ ከዚያ ወደ ሞባይል ፌዙ መለስናት። ከሰዓት በኋላ ፒኩ 8 ደቂቃ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ 5 በመቶ፣ ብችል 10 በመቶ ኦርጋኒክ ሳይኖር ሲ18 ውስጥ ውሃ አላስገባም። ለውሃ ብቻ ተብለው የተሠሩ ኮለሞች አሉ፤ የእነሱ ነገር ሌላ ነው።

ከመንገዴ ትንሽ ልውጣና፣ ይህን ሁሉ የጀመረው ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሚካኤል ጽቬት ኮለም ማጠብ የሚባል ጭንቀት አልነበረበትም። የእጽዋትን ቀለማት በመስታወት ቱቦ በታጨቀ የኖራ ዱቄት ውስጥ አሳልፎ አረንጓዴውንና ቢጫውን ለየ፤ ክሮማቶግራፊ የሚለውን ስም በ1906 ባሳተማቸው ጽሑፎች አስተዋወቀ። ቀለማቱ ቱቦው ውስጥ ከተለያዩ በኋላ ዱቄቱን ገፍቶ ያወጣና በቢላ ይቆርጠዋል። ለሚቀጥለው ሥራ አዲስ ዱቄት። የእሱን ኮለም መግደል አይቻልም።

ወደ ግፊት ልመለስ። አዲስ ልጆችን የሚያስደነግጣቸው ከምንም በላይ እሱ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ሮጦ መጣ፤ «ኮለሟ ተዘጋች፣ 130 የነበረው 220 ገባ።» ሄጄ ሳይ አሴቶናይትራይሉ አልቆበት ሜታኖል ተክቷል፤ ግማሽ በግማሽ። ውሃና ሜታኖል ሲቀላቀሉ ሁለቱም ለየብቻቸው ከሚወፍሩት በላይ ይወፍራሉ፤ ግማሽ አካባቢ ላይ ውፍረቱ የንጹሕ ውሃን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ኮለሟ ደህና ነበረች። «ፈሳሹን ስትቀይር ግፊቱ የት እንደሚደርስ አስቀድመህ ጠብቅ» አልኩት፤ የቀየረውን ሪቴንሽን ታይም (ፒኩ የሚወጣበትን ደቂቃ) ግን ማንም አልጠበቀለትም፣ ሥራውን ከአፍ እስከ ገደፉ ደገመው።

እውነተኛ መዘጋት ሲመጣ ደግሞ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ኮለሟን ወዲያው አልወነጅልም። ከዲቴክተሩ ጀምሬ ወደ ፓምፑ እያፈገፈግሁ አንድ በአንድ ፊቲንጎቹን (የቱቦ ማገናኛዎቹን) እፈታለሁ፣ በየደረጃው ግፊቱን አያለሁ። ብዙ የወደቀበት ቦታ መዘጋቱ ያለበት ቦታ ነው። አንዴ ኮለሟን ነቅለን እንኳ ግፊቱ 95 ባር ቀረ፤ ያለ ኮለም ከ15 በላይ አይቶ የማያውቅ ማሽን ነው። ከመርፌው ቫልቭ በኋላ ያለችውን 0.5 ማይክሮን ማጣሪያ ስንከፍታት ጥቁር ብናኝ ሞልቶባታል፤ የቫልቩ ሮተር ሲል (የሚዞረው ማሸጊያ) አርጅቶ እየተፋቀ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት ጤነኛ ኮለም «ተዘግታለች» ተብላ ተጥላለች። ማን እንደጣላት አልናገርም፣ ከእኛው መካከል ነው።

ከዋናዋ ኮለም ፊት ቆሻሻ እንዲይዝ የሚታሰረው ጋርድ ኮለም አይጠቅምም የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልከራከርም። ብቻ የቆሸሸ ጋርድ ለሁለት ሰንጥቄ አፉ ላይ የተጋገረውን ቡኒ ነገር አሳየዋለሁ። እኔ ጋርዱን የምቀይረው ግፊቱ ከመነሻው ከአስር በመቶ በላይ ሲጨምር ወይም ፒኩ ወፈር ሲል ነው፤ እስኪዘጋ አልጠብቅም። ሞባይል ፌዙንም ሳምፕሉንም አጣራለሁ፤ ለ5 ማይክሮን ኮለም በ0.45፣ ከ2 ማይክሮን በታች ለሆኑት በ0.2። ገለልተኛ ፒኤች ላይ ያለ የፎስፌት በፈር በጥቂት ቀን ውስጥ ሕይወት ያበቅላል፣ ያ የሚያጣብቅ ነገር ፍሪቱ ላይ ሲደርስ ማንም አያወጣውም። አሮጌ በፈር ላይ አዲስ መጨመር ደግሞ እርሾ እንደ መጣል ነው።

ፒክ ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሁሉም ነው ወይስ አንዱ?» ብዬ ነው። ሁሉም ለሁለት ከተሰነጠቁ መግቢያው ላይ ነገር አለ፤ ወይ ፍሪቱ ተደፍኗል፣ ወይ ክፍተት ተፈጥሯል። አንዱ ብቻ ከሆነ ምናልባት ሁለት ነገር ተደራርቦ ይሆናል። መጀመሪያ የሚወጡት ብቻ ከተበላሹ ደግሞ ሳምፕሉ የተሟሟበትን ፈሳሽ አያለሁ። ሞባይል ፌዙ 75 በመቶ ውሃ ሆኖ ሳለ ሳምፕሉን በንጹሕ አሴቶናይትራይል አሟሙቶ 50 ማይክሮ ሊትር የሚወጋ ሰው፣ ሞለኪውሎቹ ገና ሳይሰበሰቡ እየገፋ ያስወጣቸዋል። ሌላው የመጀመሪያዎቹ ፒኮች ጠላት የፊቲንግ ጥልቀት ነው። የኮለም አፍ ጥልቀት ከአምራች አምራች ይለያያል። ለአንዱ የተቆለፈ የብረት ፌሩል ሌላው ላይ ሲታሰር ቱቦው መጨረሻ ሳይነካ ይቆምና ትንሽ ጓዳ ይፈጠራል፤ አይፈስም፣ አይጮህም፣ ፒኩ ብቻ ጅራት ያወጣል። በጣት የሚጠብቁትን የፕላስቲክ ፊቲንጎች የምወደው ለዚህ ነው፤ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ገፍቼ፣ ይዤ፣ ከዚያ አጠብቃለሁ።

ቤዝ የሆኑ መድኃኒቶች ጅራት ማውጣታቸው ግን ሁልጊዜ የኮለም ጥፋት አይደለም። ፀጉሩ ያልሸፈነው የሲሊካ ገጽ ይይዛቸዋል። ኮለሟ ስታረጅ ፀጉሩ እየሳሳ፣ መያዙ እየባሰ ይሄዳል። ጅራቱን በፒኩ 5 በመቶ ከፍታ ላይ እለካለሁ፣ 1 ማለት ጅራት የለውም ማለት ነው፤ አዲስ ሆና 1.1 የነበረችው ኮለም 1.6 ስትደርስ መከታተል እጀምራለሁ፣ 2 እስክትደርስ አልጠብቅም።

ፀጉሩን የሚያሳሳው ደግሞ ፒኤች ነው። ተራ ሲሊካ ከ2 እስከ 8 ድረስ ይኖራል፤ ከ2 በታች፣ በተለይ በሙቀት፣ ሰንሰለቶቹ ከሥራቸው ይነቀላሉ፤ ከ8 በላይ ሲሊካው ራሱ ይሟሟል። 8 ሳይደርሱም ቢሆን ፎስፌት፣ ገለልተኛ ፒኤችና ሙቅ ኦቨን አንድ ላይ ሲሆኑ ሲሊካን ይበሉታል። ፒኤች 7.4፣ 50 ዲግሪ የሚል ሜቶድ ነበረን፤ ኮለሞቻችን በየጥቂት ወሩ አፋቸው ይጎደጉድ ነበር። ኦቨኑን ወደ 30 ስናወርደው ኮለሞቹ ከረሙ። በነገራችን ላይ ፒኤች የሚለካው ኦርጋኒኩ ከመጨመሩ በፊት ነው፤ ከተቀላቀለ በኋላ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ሌላ ቋንቋ ነው።

የደከመች ኮለምን ስለማጽዳት ብዙ አልልም። በፈሩ ከወጣ በኋላ አሴቶናይትራይል፣ ቅባት ከተጠረጠረ ደግሞ አይሶፕሮፓኖል፤ ወፍራም ስለሆነ ፍሰቱን በግማሽ ወይም ከዚያ በታች አውርዶ። ገልብጦ ማጠብም አለ፤ የአምራቹ ወረቀት ከፈቀደ፣ ከዲቴክተሩ ተነቅላ፣ ወደ ቢከር። እኔ ለአንዲት ኮለም በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማደርገው፣ ያንንም መዝገቡ ላይ በቀይ እጽፋለሁ። ከዚያ ካልዳነች በቃ። ለሁለት ሳምንት ኮለም ስታስታምም የከረመች የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ፤ የፈጀችውን ሶልቨንት (ማጠቢያ ፈሳሽ) ብትደምረው ያሳዝናል።

መዝገቡን ካነሳሁ አይቀር፤ ኮለሞቼ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደብተር አላቸው። ከሣጥኗ በወጣችበት ቀን አምራቹ ሰርተፊኬቱ ላይ ባስቀመጠው ፈተና እፈትናታለሁ፤ የፕሌት ቁጥሯን (የመለየት ብቃቷን መለኪያ)፣ ጅራቷን፣ ግፊቷን እጽፋለሁ። ይህ የልደት ሰርተፊኬቷ ነው። በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበረች» የሚል ሰው ሲመጣ ገልጬ አሳየዋለሁ። ከዚያ በየሥራው ቀን፣ ሜቶድ፣ የኢንጀክሽን ብዛት፣ ሲጀመር የነበረ ግፊት፣ ማታ በምን ታጠበች፣ ማን አጠባት። የመጨረሻዋ ዓምድ ብዙ ጠብ አስነስታለች፤ ግን አልሰርዛትም። አዮን ፔሪንግ (ቻርጅ ያላቸውን ሞለኪውሎች እንድትይዝ የሚጨመር ኬሚካል) የገባባት ኮለም ደግሞ ለዚያው ሜቶድ ብቻ ትቀራለች፤ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ይወጣል ብዬ አላምንም።

አሁን ሥራ ላይ ያለችው ኮለም ደብተር ትናንት 1,612 ላይ ነው። መነሻ ግፊቷ 138 ነበር፣ ዛሬ 151። ጅራቷ 1.3።

ሐሙስ ማታ ከቢሮ ስወጣ ላብራቶሪው ውስጥ መብራት አየሁ። ከመጣች አምስት ሳምንት የሆናት ሰልጣኝ ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ማጠቢያውን ዝርዝሩ ላይ ማስገባት ረስታ በእጇ እያጠበች ነው። ስክሪኑ 75 ውሃ፣ 25 አሴቶናይትራይል ይላል።

«ስንት ቀረሽ?» አልኳት።

«አስራ ዘጠኝ ደቂቃ።»

ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። አወረደችና መሬት አስቀመጠችው፤ ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ ስሟን መጻፍ ጀመረች።